አውድማና ሄሊኮፕተር፦ ከጎንደር እስከ ደባርቅ

ጎንደር የገባሁት በጥቅምት መጀመሪያ ሲሆን ሥራዬም ከከተማው እስከ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በጠና የታመመ ሰው ለማንሳት ሄሊኮፕተር ሊያርፍባቸው የሚችሉ ቦታዎችን መርምሮ መመዝገብ ነበር። ፒያሳ አካባቢ በ1,200 ብር የያዝኩት ክፍል ሙቅ ውሃ አለው ቢሉኝም ከቧንቧው የወጣው አጥንት የሚሰብር ቀዝቃዛ ውሃ ነበር፤ ከታች ያለው ጭፈራ ቤትም እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልጋዬን ሲያንቀጠቅጠው ቆየ። ጠዋት አንድ ባጃጅ 150 ብር አስከፈለኝ፤ የአገሩ ሰው ለዚያው መንገድ 40 ብር እንደሚከፍል የሰማሁት ከወረድኩ በኋላ ነው። ባጃጅ ከሞላባት አዳማ መጥቼ በባጃጅ መበላቴ ከገንዘቡ ይልቅ አናደደኝ።

አምባ ጊዮርጊስን በብርድ ተኮራምተን አለፍነው። ዳባትን አለፍ እንዳልን ግን እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ አረንጓዴ ሜዳ አየሁና መኪናውን አስቆምኩ። የመሬት ዝንባሌ የሚለካው ክሊኖሜትሬ 2 ዲግሪ አነበበ፤ እኛ ከ7 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ ቦታ፣ ማለትም በ10 ሜትር ርቀት 1.2 ሜትር ያህል የሚወርድ ከሆነ፣ አንመዘግብም። ስፋቱም ከበቂ በላይ ነበር። ደስ ብሎኝ ሜትሬን ስጠቀልል ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ቀረቡና «ልጄ፣ በዚህ እንኳን የናንተ ብረት በሬም አይሻገር» አሉኝ። ዱላቸውን ወደ መሬቱ ሲጫኑት ክንድ ያህል ሰመጠ፤ ሲነቅሉት ጥቁር ጭቃ ተከትሎ ወጣ፣ ጉድጓዱም ወዲያው ውሃ አቆረ። ሚ-8 የሚባለው ሄሊኮፕተር ደግሞ ሙሉ ጭነት ሲይዝ 12 ቶን ይመዝናል።

«ጠንካራ መሬት ከፈለግህ አውድማዬን እይ» ብለው ወደ ጉብታው ወሰዱኝ። ገበሬ አውድማ የሚመርጥበት መስፈርት ከእኔ ቅጽ ጋር እንዲህ መመሳሰሉ ገረመኝ፤ ጠጣር፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ሚ-8 የሚሽከረከሩ ክንፎቹን ጨምሮ 25 ሜትር ያህል ስለሚረዝም ቢያንስ የዚያን እጥፍ፣ 50 ሜትር በ50 ሜትር፣ ገላጣ ቦታ እንፈልጋለን፤ አውድማው ብቻውን ባይበቃም አጠገቡ ካለው የግጦሽ መሬት ጋር ሲደመር 60 በ55 ሆነ። ቁልቁለቱ 4 ዲግሪ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አራተኛ ገደማ ስለሚሳሳና የሞተሩም ጉልበት ስለሚቀንስ፣ አብራሪው እንደ ሊፍት ቀጥ ብሎ ከመውረድ ይልቅ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ በዝግታ ዘቅዘቅ እያለ መግባትን ይመርጣል። ስለዚህ በእንጨት ላይ ፌስታል አስረን የነፋሱን አቅጣጫ አየን፤ የነፋሱ መምጫ ክፍት ሲሆን ባሕር ዛፉም የመብራት ሽቦውም በጎን በኩል ቀሩ። ሽቦ ከሰማይ አይታይም፤ አብራሪ የሚፈልገው ምሰሶውን ስለሆነ እያንዳንዱን ምሰሶ በጂፒኤስ መዘገብኩ። ፌስታሉንም ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ፤ የሄሊኮፕተር ነፋስ ያነሳው ፌስታል ሞተር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አዛውንቱ ለድካማቸው የሰጠኋቸውን 200 ብር አልቀበልም ብለው፣ ይልቁንም ቤታቸው ወስደው ጠላና የባቄላ ቆሎ አቀረቡልን። ስንሰናበት ግን «በታኅሣሥ ስንወቃ ቢመጣና ገለባዬን ቢበትንብኝ ማን ይሰበስብልኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ቅጹ ለዚህ የተተወ ቦታ ስላልነበረው በኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።