ጋሼ፣ ነፋሱና ሁለቱ የባንደን ሜዳዎች

ከፖርትላንድ ስንነሳ ገና አልነጋም። ጋሼ ቀድመውኝ በር ላይ ቆመዋል። የዱላ ቦርሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ በአንድ እጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ፌስታሉ ውስጥ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦና አንድ ፔርሙዝ ሻይ አለ።

«ጋሼ፣ እዛ እኮ ሬስቶራንት አለ» አልኳቸው።

«ሬስቶራንቱ ሜዳው መሃል ድረስ ይከተለናል?»

ዝም ብዬ ፌስታሉን መኪናው ውስጥ አስገባሁ።

ጋሼ ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። ፖርትላንድ ውስጥ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ጎልፍ ያወቁት ግን አሜሪካ መጥተው አይደለም። አዲስ አበባ፣ ልጅ ሆነው፣ የፈረንጅና የባለሥልጣን የዱላ ቦርሳ ሲሸከሙ ነው። በዛን ጊዜ ከሣር ውስጥ የጠፋ ኳስ ፈልጎ ለባለቤቱ መልሶ መሸጥም አንድ ሥራ ነበር። «ኳሱ የት እንደወደቀ አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ፣ ሲሄዱ አነሳዋለሁ» ይላሉ፣ እስካሁን ሳያፍሩ። እኔን ጎልፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ዘንድሮ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ኦሪገን ባሕር ዳር ወዳሉት የባንደን ጎልፍ ሜዳዎች ልወስዳቸው ቃል ገባሁ።

መንገዱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። አይ ፋይቭ በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ወርደን፣ ዩጂንን አልፈን፣ ወደ ባሕሩ ታጠፍን። ከዛ በኋላ ያለው መንገድ የአምፕኳን ወንዝ ይዞ ነው የሚሄደው። ሪድስፖርት ልንደርስ ስንል መስኩ ላይ ኤልክ የሚሉት ትልልቅ አጋዘን ተኝተው አየን። ጋሼ መኪናውን አስቆሙኝ። ሻይ ቀዱ። አጋዘኖቹን እያዩ አንድ ኩባያ ጠጥተው ጨረሱና «በል ንዳ» አሉኝ።

ባንደን ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ከመድረሳችን በፊት በመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ አበባ ያጥለቀለቀው ቁጥቋጦ ጀመረ። «አደይ!» አሉ ጋሼ። አደይ አልነበረም። ጎርስ የሚባል እሾሃም ተክል ነው፤ አንድ ሰው ከአየርላንድ አምጥቶ ከተከለው በኋላ አገሩን ሁሉ ወረረው። ዘይት ያለው እንጨት ስለሆነ እንደ ችቦ ይነዳል። በ1936 እ.ኤ.አ. ከተማዋ በእሳት ስትወድም እሳቱን ያባባሰው ይኸው ጎርስ ነበር። ጎልፍ ሜዳዎቹ የተሠሩበትም መሬት በጎርስ ተውጦ ነበር። ኳስህ እዛ ውስጥ ከገባች ስንብት ነው። እጅህን ሰደድ ብታደርግ ደም ይዘህ ትመለሳለህ። ሞክሬዋለሁ።

የመዝናኛው ስም ባንደን ዱንስ ነው። ያቋቋመው ማይክ ካይዘር የቺካጎ ነጋዴ ነው፤ ገንዘቡን ያገኘው የመልካም ምኞት ካርድ በመሸጥ ነው። የመጀመሪያውን ሜዳ በ1999 ከፈተ፣ ስሙንም እንደ መዝናኛው ባንደን ዱንስ አለው። ሁለተኛው፣ ፓስፊክ ዱንስ፣ በ2001 ተከፈተ። ዛሬ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳዎቹ አምስት ደርሰዋል፤ ጉድጓድ የምንለው ከመነሻው ኳሷ እስከምትገባበት ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ ነው። እኛ አቅማችንም ጊዜያችንም የፈቀደው ሁለቱን አንጋፋዎች ነው። ጎን ለጎን ናቸው፤ አሸዋው ያው፣ ገደሉ ያው፣ ነፋሱ ያው። የሠራቸው ሰው ብቻ ይለያያል። ከሁለቱ የቱ ይበልጣል የሚለው ነገር እዚህ የሚመጣ ጎልፈኛ ሁሉ ማታ ማታ የሚከራከርበት ነው። እኛም አልቀረልንም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ በጎልፍ መኪና መንዳት የለም፤ የጤና ችግር ካላስገደደ በቀር ሁሉም በእግሩ ነው የሚሄደው። ለጋሼ ስጦታ ይሆናል ብዬ ካዲ፣ ማለትም ቦርሳ ተሸካሚ፣ ቀጠርኩ። ክፍያው በአንድ ቦርሳ ከመቶ ዶላር በላይ ነው። ዋጋውን አልነገርኳቸውም።

ጠዋት ባንደን ዱንስ መነሻው ላይ ሀያ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ቀይ ጺም ያለው ልጅ ጠበቀን። ሰላምታ ሰጥቶ የጋሼን ቦርሳ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ጋሼ ማንገቻውን ያዙ። ልጁ ፈገግ ብሎ ሳብ አደረገ። ጋሼም ፈገግ ብለው አልለቅም አሉ። እንደ ምግብ ቤት ሂሳብ ግብግብ የመሰለ ነገር ተፈጠረ። በመጨረሻ ጋሼ አሸነፉና ቦርሳቸውን ራሳቸው ተሸከሙ። ልጁ ሦስት ጉድጓድ ሙሉ ባዶ እጁን፣ የሚያደርገው ጠፍቶት፣ ከጎናቸው ተራመደ። እኔ በሃፍረት መሬት መሬቱን አያለሁ።

«ምን አለበት ቢይዝልዎት?»

«አንተ ተሸክመህ አታውቅም፣ ዝም በል።»

ባንደን ዱንስን የሠራው ዴቪድ ማክሌይ ኪድ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። ሥራው ሲሰጠው ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ በፊት ይሄ ነው የሚባል ሜዳ አልሠራም። አባቱ ግን ግሌንኢግልስ በሚባለው የታወቀ የስኮትላንድ ሜዳ የሣሩ ኃላፊ ነበር። ልጁ ሣርና ነፋስ እያየ ነው ያደገው። ያ በሥራው ላይ ይታያል። ነፋስ ኳስህን እንደሚወስዳት ያውቃል፤ ስለዚህ ሜዳውን ሰፋ አድርጎ ዘረጋው። ለእንደኔ ዓይነቱ፣ ምቱ ወዴት እንደሚሄድ ከመታ በኋላ ለሚያውቅ ሰው፣ ይሄ ትልቅ ውለታ ነው።

ከዚህ ሜዳ የማልረሳው አራተኛውን ጉድጓድ ነው። ሦስቱን እስክትጨርስ ውቅያኖሱ ከሩቅ ብልጭ ቢል ነው። ድምፁን ትሰማለህ፣ ጨዉ ከንፈርህ ላይ ይመጣል። አራተኛው መነሻ ላይ ስትቆም ፊትህ የአሸዋ ጉብታና ሣር ብቻ ነው። ትመታለህ፣ ትሄዳለህ። ሜዳው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ልክ መታጠፊያው ላይ ግሪኑ፣ ኳስ የምትገባበት ቀዳዳ ያለበት አጭር ሣር፣ ብቅ ይላል፤ ከጀርባው ምንም የለም። ሰማይና ፓስፊክ ብቻ።

ጋሼ ቆሙ። ቦርሳቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር ያሳይህ» አሉኝ፣ ቆሜ እያየሁ። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። ዞር ሲሉ ቦርሳው የለም። ቀይ ጺሙ ልጅ አንግቦት ሀምሳ ሜትር ቀድሞ እየሄደ ነው፣ ወደ ኋላም አላየም።

«ሰረቀኝ!» አሉ ጋሼ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ቦርሳው አልተነሳም።

አምስተኛውና ስድስተኛው የገደሉን አፋፍ ይዘው ነፋሱ ላይ ነው የሚሄዱት። በዚህ ወቅት ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ ፊትህን እየገረፈ ነው። ከዛ በኋላ ሜዳው ወደ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ያሉት ጥቂት ጉድጓዶች እውነቱን ለመናገር ከሐሳቤ ወጥተዋል። ማታ አንዱን ከአንዱ መለየት አቃተኝ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ግን ልብ ይመለሳል። ርዝመቱ 363 ያርድ ብቻ ነው፤ ከመነሻው አንስቶ የገደል ስንጥቅ አሻግረህ ነው የምትመታው። ጋሼ አሻገሩ። እኔ ስንጥቁን መገብኩት። ሦስት ኳስ በቀኑ ጠፋኝ፣ አልከፋኝም።

እዚህ ላይ ስለ ጋሼ አመታት አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ጋሼ ኳስ ወደ ሰማይ አይልኩም። መሬት ለመሬት ነው የሚነዱት፣ ልክ እንደ ገና ጥንግ። ፖርትላንድ ያሉት ሜዳዎች ረግረግ ስለሆኑ በዚህ አመታታቸው ብዙዎች ይስቁባቸዋል። ባንደን ግን አሸዋ ላይ የተሠራ ነው፣ ሣሩም ፌስኪው የሚባለው ቀጭን ሣር ነው፤ መሬቱ ጠንካራ ስለሆነ ኳስ ይሮጣል። ጋሼ ከግሪኑ አርባ ሜትር ርቀው ፑተራቸውን፣ ኳስ መሬት ለመሬት የሚነዳበትን ዱላ፣ መዘዙ። ኳሷ ጉብታውን ወጣች፣ ወረደች፣ ታጠፈች፣ ባንዲራው አጠገብ ቆመች። ካዲው አጨበጨበ። ጋሼ ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ወደኔ ጠቀሱ። እኔ ከዛው ቦታ ኳሴን ወደ ሰማይ ልኬ፣ ነፋሱ ወስዶ ባንከር፣ ማለትም የአሸዋ ጉድጓድ፣ ውስጥ ጥሎልኝ ነበር።

በማግስቱ ፓስፊክ ዱንስ።

ጠዋት ስንሄድ ቀይ ጺሙ ልጅ ሜዳውን ስለሠራው ስለ ቶም ዶክ ነገረን። ዶክ አሜሪካዊ ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የመሬት ንድፍ ከተማረ በኋላ የድሮ ሜዳዎችን ሊያይ ወደ እንግሊዝና ስኮትላንድ ሄደ፤ ሴንት አንድሩስ ላይም ካዲ ሆኖ ሠራ። ልጁ ይቺን ሲል ጋሼ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ቦርሳ ተሸክሟል?»

«አዎ፣ ተሸክሟል።»

«በቃ፣ የኛ ልጅ ነው» አሉኝ በአማርኛ። ውድድሩ ለእሳቸው እዚያው አለቀ። ገና አንድ ኳስ አልመታንም።

ግን ዝም ብሎ መደገፍ ብቻ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ምክንያት ሲያሳዩኝ ዋሉ። «እየው፣ እዚህ ጋ መሬቱን አልነካውም» ይሉኛል። እውነትም ፓስፊክ ዱንስ የተሠራ አይመስልም። ባንከሮቹ ነፋስ የቦረቦራቸው ጉድጓዶች ይመስላሉ፣ ጠርዛቸው የተቀደደ ነው፤ አንዳንዶቹ በእርግጥም ከሰው በፊት የነበሩ ናቸው። ግሪኖቹ አነስ ይላሉ፣ ዳር ዳራቸው ይንሸራተታል። ጥሩ መታሁ ስትል ኳሷ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ትመለስብሃለች። ዘጠነኛው ጉድጓድ ሁለት ግሪን አለው፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች፣ ባንዲራውን እያፈራረቁ ይተክሉታል። አሥረኛውም እንደዚያው የላይና የታች መነሻ አለው።

ዶክ ሕግም አፍርሷል። ብዙውን ጊዜ በዘጠኝ ጉድጓድ ውስጥ አጫጭሮቹ፣ በሦስት ምት የሚጠናቀቁት፣ ሁለት ናቸው። ዶክ በመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ውስጥ አራት አድርጓቸዋል። አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን ተከታትለው አጫጭር አደረጋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ለሚዛኑ ሲል መሬቱን ያርስ ነበር። ዶክ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ሁለት አጭር ጉድጓድ የሚሆን ቦታ አገኘ፣ ሁለት አደረገ።

አሥራ አንደኛው 148 ያርድ ነው። ወደ 135 ሜትር መሆኑ ነው። ፖርትላንድ ብሆን በቀላሉ የምመታው ርቀት ነው። ነፋሱ ግን ሱሪዬን እያርገበገበ ነው። ካዲው ለረጅም ርቀት የምጠቀምበትን ባለ አምስት ቁጥር ዱላ አቀበለኝ። ያበደ መሰለኝ። በሙሉ ኃይሌ መታሁ። ኳሷ ወጣች፣ አየር ላይ ቆመች፣ እያሰበች መሰለች፣ ከዚያ በግራ በኩል ወደ ውቅያኖሱ ሄደች። ጋሼ በዝቅታ መትተው ግሪኑ አፍ ላይ አደረሷት።

አሥራ ሦስተኛው ላይ በግራህ ገደል፣ በቀኝህ ተራራ የሚያህል የአሸዋ ክምር አለ። 444 ያርድ፣ ነፋሱ ፊት ለፊት። ሦስት ጊዜ መትቼ ገና ግሪኑ ሩቅ ነው። ስንት ኳስ ጠፋህ ላላችሁኝ፣ በቀኑ ሰባት።

ማታ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን። ጾም ስለተፈታ ጋሼ እዛ ታዋቂ የሆነውን ሚትሎፍ አዘዙ፣ የተፈጨ ሥጋ ጥብስ ነው። አዋዜ ቢኖረው አሉ። አንድ ቀን በፌስታል ማምጣታቸው አይቀርም።

«እንግዲህ ፍረድ» አሉኝ።

ጉድጓድ በጉድጓድ ካወዳደርን ፓስፊክ ዱንስ ይበልጣል። በየዓመቱ ደረጃ የሚያወጡ መጽሔቶችም ብዙውን ጊዜ ያስቀድሙታል፣ አልከራከርም። ግን እንደገና ክፈልና ተጫወት ብትሉኝ ወደ ባንደን ዱንስ ነው የምሄደው። ዶክ ሁልጊዜ ይፈትነኛል፤ እዚህ ግባ፣ እዚያ አትግባ፣ አሁን አስብ። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ቦታ ስፈተን ነው የምውለው። ኪድ መጀመሪያ ሦስቱን ጉድጓድ ያስጨርሰኛል፣ ያዘናጋኛል፣ ከዚያ አራተኛው ላይ መጋረጃውን ይገልጠዋል። እንደሱ ያለ ነገር ፓስፊክ ዱንስ ላይ አላገኘሁም፤ ባሕሩን ቶሎ ቶሎ ያሳይሃል።

«ሰባት ኳስ ስለጠፋህ ነው» አሉ ጋሼ።

«እርስዎም ዶክ ካዲ ስለነበረ ነው።»

«አዎ» አሉ፣ ሳይሸሽጉ። «ቦርሳ የተሸከመ ሰው የሰውን እግር ያውቃል። አላየህም? አንዱን ጉድጓድ ጨርሰህ ወደሚቀጥለው ስትሄድ አይደክምህም። እዛው በእዛው ነው።» ይሄን አላስተዋልኩም ነበር። በነጋታው አስቤው ትንሽ እውነት እንዳለው ታየኝ። ለጋሼ ግን አልነገርኳቸውም።

ቀይ ጺሙን ልጅ ያገኘነው ጠዋት ልንሄድ ስንል ነው፣ መኪና ማቆሚያው ጋ። ክፍያውን ትናንትና ሰጥቼው ነበር። ጋሼ ግን ወደ ጎን ጠሩት፣ ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው እጁ ውስጥ ጨበጥ አደረጉለት። ስንት እንደሆነ አላየሁም፣ ልጁ ግን ሊመልስላቸው ታገለ። እንደገና ግብግብ። ደግሞም ጋሼ አሸነፉ። ከዚያ የተረፈውን ቆሎ ከነፌስታሉ ሰጡት። ትናንት ሜዳው ላይ እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ሲሰጡት ወዶት ነበር።

«ምንድን ነው ስሙ?» አለ ልጁ።

«ቆሎ።»

«ኮሎ።»

«ኮሎ አይደለም። ቆ። ቆ!» ጋሼ ጉሮሯቸውን በጣታቸው እየነኩ አሳዩት። ልጁ ሞከረ፣ አሳለው፣ ደግሞ ሞከረ። ሞተሩን አስነስቼ ጠበቅኳቸው። አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ።