ከክፍል ውጭ ያሉት ሰዓታት፦ ኦቲዝም ያለበት ልጅ በሰፈር የመንግሥት ትምህርት ቤት

አዲስ አበባ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ በሰፋች ቁጥር ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ዳር ወጥተዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ከእሱ በኋላ የመጣው ነህምያ ለብዙ ቤተሰብ ደርሰዋል፤ ነገር ግን ቦታቸው ውስን ነው። ታክሲ የሚጨንቀውን ልጅ ከዳር ሰፈር በየቀኑ በሁለትና በሦስት ታክሲ አድርሶ መመለስም ከአብዛኛው ወላጅ አቅም በላይ ነው። የሚቀረው በእግር የሚደረስበት የሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።

ድጋፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ልዩ ክፍልና ልዩ መምህር ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው ግን ብዙ ጊዜ ከትምህርቱ ሰዓት ውጭ ያለው ነው፦ ሰልፍ ላይ ጮኸ፣ በእረፍት ከግቢ ወጣ፣ ሱሪው ላይ ሸና፣ ምሳ ሰዓት ላይ ልጅ ነከሰ። ወላጅ ተጠርቶ «ትንሽ እስኪያድግ ቤት ይቆይ» የሚባለው በእነዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ያለው ጥቂት አቅም መጀመሪያ መዋል ያለበት ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው በሚታለፍባቸው ደቂቃዎች ላይ ነው።

ምዝገባ ሳይጀመር የልጁን ጆሮ አስመርምሩ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ኦቲዝም ሊኖርበት ይችላል፤ የመስማት ችግርም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ለምርመራው ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ፤ ለኦቲዝሙ ደግሞ በየካቲት 12 እና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የልጆች የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። የቀጠሮው ወረፋ ቢረዝም ምዝገባውን አታቆዩት። የሐኪም ወረቀት ካለ ኮፒው ይያያዛል፤ ስለሌለ ግን ልጅ መመለስ የለበትም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። «አንቀበልም» ከተባላችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ በትሕትና ጠይቁና ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። እዚያ በጉድኝቱ (በአቅራቢያ ባሉት ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ውስጥ የአካቶ ትምህርት (ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው የሚማሩበት) ድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነም ጠይቁ። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሻሻለው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ እነዚህ ማዕከላት በዙሪያቸው ያሉትን ትምህርት ቤቶችም እንዲያግዙ ታስቧል። የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል ባይኖረውም ከማዕከሉ ምክር መጠየቅ ይችላል ማለት ነው።

ድንበር ላይ የምትኖሩ አንድ ነገር አጣሩ። ቤታችሁ አዲስ አበባ ሆኖ ቅርቡ ትምህርት ቤት ሸገር ከተማ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያኔ አስተዳደሩ የኦሮሚያ ነው፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ቢሮ ይለያል፣ የማስተማሪያ ቋንቋውም ሊለይ ይችላል።

ለመምህሩ የምትሰጡት መረጃ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሃምሳ ተማሪ የያዘ መምህር አሥር ገጽ አያነብም። ገጹ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ልጁ ምን ደስ ይለዋል፣ ምን ድምፅ ያስደነግጠዋል፣ ሽንት ሲመጣበት እንዴት ያሳያል፣ የማይበላው ምንድን ነው፣ ሮጦ ይወጣል ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለበት ወይ፣ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ሲከፋው የሚያረጋጋው ምንድን ነው። ከታች ሁለት ስልክ ቁጥር። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች ይልቅ ስለሚበዛ ይህን መስመር ደብቃችሁ አትለፉ። «ካወቁ አይቀበሉትም» በሚል ፍርሃት የተደበቀ ሕመም ክፍል ውስጥ ሲነሳ ማንም ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ጳጉሜን ለዚህ ሥራ የተሰጠች ወር ናት ብል አልተጋነነም። ግቢው ጭር ባለበት በእነዚያ ቀናት ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከቤት እስከ በር በሚሄድበት መንገድ፣ በእግር። የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ሽንት ቤቱን፣ ቧንቧውን፣ የምገባ አዳራሹን ይይ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ማታ ማታ እያሳያችሁ ስማቸውን ንገሩት። መስከረም ላይ ለመጀመሪያው ሳምንት እስከ እረፍት ብቻ ይቆይ፤ በሰላም ካለፈ በሁለተኛው እስከ ምሳ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙሉ ቀን። እዚህ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ስለጮኸ ቶሎ ወደ ቤት መላክ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ከተደረገ ጩኸት የመውጫ መንገድ መሆኑን ይማራል። የመውጫው ሰዓት አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፤ ጮኸም አልጮኸም በዚያው ሰዓት ይውጣ።

የጠዋቱ ሰልፍ ከሁሉ ይከብዳል። በመቶዎች የሚቆጠር ልጅ ተጠጋግቶ ይቆማል፣ ስፒከሩ ያፏጫል፣ መዝሙሩ ይጀመራል። ልጁ ለሰንደቅ ዓላማ ክብር ነሥቶ አይደለም ጆሮውን የሚይዘው፤ ድምፁ በእርግጥ ያመዋል። ከስፒከሩ በጣም በራቀው ጫፍ፣ ከመምህሩ አጠገብ፣ ከኋላው ማንም ሳይኖር ይቁም። ይህም ካልሆነለት ለጊዜው ሰልፉ ሲያልቅ ይግባ፤ ከዚያ በየሳምንቱ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሁለት ደቂቃ እየጨመሩ ማስገባት። እጁ ላይ ሥራ መስጠትም ይረዳል፤ የጠመኔ ሳጥን የያዘ ልጅ ለምን እንደቆመ ያውቃል።

ደወሉም እንዲሁ ነው። ቸርኬ ሲመታ ወይም ሳይረን ሲጮህ ልጁ ከያዘው ነገር በድንገት ይነጠቃል። መድኃኒቱ ከደወሉ 2 ደቂቃ በፊት የሚቀጥለውን ነገር በሥዕል ማሳየት ነው። የሥዕል ካርድ ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ከፓስታ ወይም ከብስኩት ካርቶን 7 በ7 ሳንቲሜትር ስድስት ቁራጭ ይቆረጣል፤ ሰልፍ፣ ትምህርት፣ እረፍት፣ ምሳ፣ ሽንት ቤት፣ ቤት በቀላል መስመር ይሣልበታል፤ እንዳይረጥብና እንዳይቀደድ በሁለቱም ጎን ስኮች ይለበጣል። ልጁ በሚቀመጥበት በኩል በዓይኑ ትክክል ክር ይወጠርና ካርዶቹ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላሉ። አንዱ ሲያልቅ ካርዱን የሚያወርደው ራሱ ልጁ ነው።

ካርዱ «አልሠራም» የሚባልባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ግድግዳ ማሳመሪያ ይሆናል። የሳምንቱ ሁሉ በአንዴ ይለጠፋል። መምህሩ ብቻ ይነካዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፕሮግራም ሲቀየር ካርዱ ሳይቀየር መቅረቱ ነው፤ ስፖርት ተብሎ ስብሰባ ከሆነ ልጁ ካርዱን ከዚያ ቀን ጀምሮ አያምነውም። ለዚህ ቀይ መስቀል ያለበት አንድ ተጨማሪ ካርድ ይዘጋጅ፤ የቀረው ነገር ላይ ተደርቦ ይሰቀላል፣ በምትኩ የመጣው ከጎኑ ይቀመጣል። ስድስት ካርድ ለሚበዛበት ልጅ ሁለት ብቻ ይበቃሉ፦ አሁንና ቀጥሎ።

አነጋገርም ይታሰብበት። «አትቀመጥም እንዴ?» ለሌላው ልጅ ትእዛዝ ነው፤ ለዚህ ልጅ ጥያቄ ነው፣ ያውም ግራ የሚያጋባ። «ተቀመጥ» በቂ ነው። «ቆይ» ብቻውን መጨረሻ የለውም፤ «ይሄ ካርድ ሲወርድ» ይባል። ትእዛዝ ከሰጣችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ሳይጨርስ ደጋግሞ መጮህ ከመጀመሪያው እንዲጀምር ያደርገዋል። ውሃ ጠምቶት «ውሃ ትፈልጋለህ» የሚል ልጅ እያሾፈ ወይም እየጠየቃችሁ አይደለም። የሰማውን እንደሰማው መለሰው፤ ውሃ ስጡኝ ማለቱ ነው። «ውሃ እፈልጋለሁ» ብላችሁ በእሱ ፋንታ ተናገሩና ወዲያው ስጡት። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ከሆነ ደግሞ አንዱን ቋንቋ ተዉ የሚለውን ምክር አትቀበሉ። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንደማይጎዳው ጥናቶች አሳይተዋል፤ እናቱ የምታናግርበትን ቋንቋ መንጠቅ ግን ይጎዳዋል። ካርዱ ላይ ያለው ሥዕል ለሁለቱም ቋንቋ አንድ ይሁን።

ሽንት ቤት። ብዙ የዳር ሰፈር ትምህርት ቤቶች ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኙት፤ ሽታውና ጨለማው ሌላውንም ልጅ ያሸሻል። ልጁ ሌሎች ሳይኖሩ፣ ከእረፍት 5 ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ይወሰድ፤ ሲለምን አይጠበቅ። ትርፍ ሱሪ በፌስታል ክፍል ውስጥ ይቀመጥ።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ቁርስና ምሳ ለብዙ ቤት ትልቅ እፎይታ ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ወጥ የነካው እንጀራ ሌላ ምግብ ሊሆን ይችላል፤ አፉ ውስጥ የሚሰማው ነገር ይረብሸዋል። ምግብ መራጭ ወይም ቅምጥል እየተባለ በግድ የሚጎረስ ልጅ ያስመልሳል፣ ከዚያ አዳራሹን ራሱን ይፈራል። እንጀራው ለብቻ፣ ወጡ ለብቻ ይቀርብለት። የማይነካው ከሆነ ከቤት የተቋጠረ ምሳ እንዲፈቀድለት በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተነጋገሩ። ከግርግሩ 5 ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ ጥግ ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጥ።

እረፍት ላይ ደግሞ ዋናው ሰው ዘበኛው ነው። ዘበኞች ወደ ስብሰባ የማይጠሩት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። በዳር ሰፈር ከአጥሩ ውጭ ያለው ያልተከደነ ቦይ፣ ያላለቀ ሕንፃ፣ የገልባጭ መኪና መንገድ፣ አንዳንዱ ጋ ወንዝ ነው። ከግቢ የሚወጣ ልጅ ሁከት አይፈጥርም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። ፎቶው በር ላይ ባለው ክፍል ውስጥ ይለጠፍ፤ ዘበኛው ስሙንና ለምን ሲጠራ እንደማይዞር ይወቅ። አጥሩ ላይ ያለ ቀዳዳ በየሰኞው ይታይ። ልጁ ከጠፋ በየክፍሉ መፈለግ ጊዜ ያስበላል፤ ሁለት ሰው ወዲያው ወደ ውሃና ወደ አስፋልት ይሂድ፣ ቀሪው ግቢውን ይፈልግ። ውሃ ብዙዎቹን ይስባል።

ልጁ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ሲጮህ ወይም ራሱን ሲመታ የሚሠራው ጥቂት ነው። ሌሎቹን ልጆች ማራቅ፣ ንግግር ማቆም፣ ጠንካራ ነገር ከአጠገቡ ማንሳት፣ መጠበቅ። በዚያ ሰዓት ምክርም ቁጣም አይገባም። ልምጭና ኩርኩም ለማንም ልጅ ክልክል ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን በግልጽ አስቀምጧል። ሲረጋጋ በአንድ ደብተር ላይ ሦስት ረድፍ ይሞላ፦ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን አገኘ። ሰዓቱም ይጻፍ። ሁለት ሳምንት ከተሞላ ምክንያቱ ራሱ ይወጣል፤ ሁልጊዜ ከ5 ሰዓት በኋላ ከሆነ ረኃብ ሊሆን ይችላል፣ ሁልጊዜ በአንድ መምህር ክፍለ ጊዜ ከሆነ ጩኸት ወይም መቀመጫው ሊሆን ይችላል። ዝም የምትል ሴት ልጅ ግን በዚህ ደብተር ላይ አትገባም። ጨዋ ተብላ ታልፋለች፤ ዓመቱን ሙሉ ከማንም ጋር ሳታወራ፣ ምንም ሳይገባት ልትጨርስ ትችላለች። መምህራን እሷንም ፈልጉ።

ልዩ ክፍል ባለበት ትምህርት ቤት የ7 ዓመቱና የ16 ዓመቱ፣ ኦቲዝም ያለበትና የመስማት ችግር ያለበት አንድ ላይ ሲቀመጡ ይታያል፤ ልጁም ዓመት ቆጥሮ ከዚያው ሳይወጣ ይቀራል። ከመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ከመደበኛ ክፍል ጋር እንዲማር ጠይቁ፤ የሚወደው ትምህርት ይቅደም፣ ሒሳብ ከሆነ ሒሳብ። አጠገቡ የሚቀመጥ አጋዥ ተማሪ በየሳምንቱ ይቀያየር። አንዲት ታዛዥ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሞግዚት መሆን የለባትም። ለልጁ ብቻ የሚዘጋጀው የግል የትምህርት ዕቅድም በወሰነ ትምህርት ከሦስት ግብ አይለፍ፤ ግቡ የሚቆጠር ይሁን። «ባህሪው እንዲሻሻል» ግብ አይሆንም። «ከ5 ቀን በ4ቱ ካርዱን አይቶ ሳይጎተት ወደ ክፍል ይገባል» ግን ይለካል፤ ወላጅም መምህርም ዓርብ ዓርብ ሊያየው ይችላል።

በዳር ሰፈር የተከራይ ኑሮ ከቤት ቤት ነው፤ መምህራንም ይዛወራሉ። የአንድ ዓመት ልፋት መምህሯ ስትሄድ አብሯት ይሄዳል፣ አዲሱ መምህር ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ሰኔ ላይ፣ የውጤት ካርድ ሲሰጥ፣ አንዷን ገጽ፣ ዕቅዱንና የሦስት ረድፉን ደብተር ኮፒ አስደርጋችሁ አንዱን ለምክትል ርዕሰ መምህሩ በፊርማ አስረክቡ፣ አንዱን ቤት አስቀምጡ። ትምህርት ቤት የምትቀይሩ ከሆነ ከመልቀቂያው ጋር አያይዙት። የሥዕል ካርዶቹን ደግሞ ትታችሁ እንዳትሄዱ፤ አዲሱ ክፍል ውስጥ ልጁ የሚያውቃቸው ነገሮች እነሱ ብቻ ናቸው።