ዲሹን ከናይል ሳት ወደ ኢትዮሳት ሳዞር የገባኝ

ጎጃም፣ ቢቸና ያለው የአጎቴ ዲሽ ለዓመታት ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ናይል ሳትን ሲያይ ኖሯል። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ተራ በተራ ወደ ኢትዮሳት ሲሄዱ ለአጎቴ የቀረለት ዓረብኛ ብቻ ሆነ። ለበዓል እንደሄድኩ ላዞርለት ተነሳሁ።

ሲያዩት ብሎን ማላላትና ማጥበቅ ነው። ግን አናሎግና ዲጂታል በምን እንደሚለያዩ ካልገባን ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ውለን ባዶ እጃችንን ልንወርድ እንችላለን።

ከድሮው ልጀምር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ስርጭቱ አናሎግ ነበር፤ በአሥረኛው የአብዮት በዓል ሰሞን ወደ ቀለም ሲገባም ያው አናሎግ ነው። በአናሎግ ምስሉ በ625 መስመር ተከፋፍሎ በሰከንድ 25 ጊዜ ይላካል። የእያንዳንዷ ነጥብ ድምቀት በቀጥታ ሞገዱ ላይ ይጫናል። ስለዚህ መንገድ ላይ የተጨመረ ረብሻ ሁሉ ከምስሉ ጋር ቤት ይገባል፤ ያ ስክሪኑ ላይ ይርመሰመስ የነበረው ነጠብጣብ እሱ ነው። ሞገዱ ተራራ ነክቶ ሲመለስ ደግሞ ዘግይቶ ስለሚደርስ እንደ ገደል ማሚቶ ሁለተኛ ምስል ያመጣል። ጮቄ ተራራ አካባቢ ዜና አንባቢው ጎኑ ላይ ጥላ ለጥፎ ይታይ የነበረው ለዚህ ነው።

አናሎግ አንድ ትልቅ ጥቅም ግን ነበረው፤ መንገዱን ይነግረናል። አንቴናው ትንሽ ሲስተካከል ምስሉም ትንሽ ይጠራል። አንዱ ውጭ ያዞራል፣ ሌላው በመስኮት "ጠራ! ጠራ! ኧረ ሄደ፣ መልሰው!" ይላል። ያለ ምንም መሣሪያ ማንም ሰው ያስተካክለዋል።

ዛሬ ዲሹ የሚቀበለው ዲጂታል ነው፤ ዲጂታል ላይ ይህ የለም። ምስሉና ድምፁ መጀመሪያ ወደ ዜሮና አንድ ይቀየራል፣ ከዚያ ይጨመቃል። ዜና አንባቢዋ ስታወራ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ስለማይለወጥ በሰከንድ 25 ጊዜ አይላክም፤ በአብዛኛው የሚላከው የተለወጠው ብቻ ነው። ድሮ አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዝ በነበረ የሞገድ ስፋት ውስጥ ዛሬ ብዙ ጣቢያ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻ ለስህተት ማረሚያ የሚሆን ተጨማሪ ቁጥር ይታከልበትና ይላካል። ሪሲቨሩ በዚያ ቁጥር እየተመራ የተበላሸውን ያርማል፣ ማረም እስከቻለ ድረስም ሲግናሉ ቢደክም እንኳ ምስሉ ጥርት እንዳለ ይቆያል። ስህተቱ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን ምስሉ በአራት ማዕዘን ይቆራረጣል፣ ይደርቃል፣ ይጠፋል። ትክክለኛው ቦታ ጥቂት ዲግሪ ሲቀረውም ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ሃምሳ ዲግሪ ሲቀረውም ጥቁር ነው።

አጎቴ መስኮቱ ላይ ቆሞ እንደ ድሮው "ጠራ" ሊለኝ ተዘጋጅቶ ነበር። "አጎቴ፣ ምስሉን አይዩ፤ ከታች ኳሊቲ ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ብቻ ይንገሩኝ" አልኩት። "ላይኛው እኮ ሰባ ብሏል!" አለኝ። ላይኛው ስትሬንግዝ ነው። እሱ ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) እና ገመዱ መሥራታቸውን እንጂ ዲሹ የቱን ሳተላይት እንዳየ አይናገርም፤ ዲሹ ወደ ባዶ ሰማይ ዞሮም ከፍ ይላል። ኳሊቲው የሚነሳው ሪሲቨሩ የጠየቅነውን ሲግናል አግኝቶ ማንበብ ሲችል ብቻ ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። ናይል ሳት ያለችው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ነው። ከቢቸና ሲታይ ዲሹ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያያል። ኢትዮሳት የሚመጣው ደግሞ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለችው ኤንኤስኤስ 12 ከምትባል ሳተላይት ነው። ለእሷ ዲሹ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፣ በኮምፓስ 118 ዲግሪ አካባቢ፣ ከፍታውም ወደ 65 ዲግሪ ይጠጋል። ለእኛ ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በ37 ዲግሪ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ሲያድግ ይጋርዳል፣ 65 ላይ ግን በላዩ ያልፋል።

የስልክ ኮምፓስ ስትጠቀሙ ከቆርቆሮው ራቅ በሉ፤ ብረቱ ያሳስተዋል። አቅጣጫውን ግቢ ውስጥ ቆማችሁ ለዩና በዚያ መስመር ላይ አንድ ዛፍ ወይም ምሰሶ ምልክት ያዙ። ደግሞ የተለመደው ዲሽ ኤልኤንቢው ከመሀል ዝቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ፊቱ በእውነት ከሚያየው ሰማይ ዝቅ ያለ ቦታ የሚያይ ይመስላል፤ በዓይን ግምት ወደ ላይ ከመጠን በላይ አታስተኙት።

ገመዱን ከመንካታችሁ በፊት ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። በዚያ ገመድ ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ ይልክለታል፤ ቁም (ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ) ሞገድ ሲፈልግ 13 ቮልት፣ አግድም (ወደ ጎን የሚወዛወዝ) ሲፈልግ 18 ቮልት። ጫፉን ስትልጡ ከዙሪያው ካለው ሽቦ አንዲት ቀጭን ክር መሀለኛውን ነክታ ከቀረች ሾርት ያደርጋል። እኔ ክሮቹን ሁሉ ወደ ኋላ አጥፌ፣ በጣቴ ዳብሼ፣ ከዚያ ነው ማያያዣውን ያጠበቅኩት።

ሪሲቨሩ ዲቪቢ ኤስ 2 የሚባለውን አዲሱን የሳተላይት ስርጭት ዓይነት የማያነብ አሮጌ ከሆነ ዲሹ ምንም ያህል ቢስተካከል አይሠራም። የሚያነብ ከሆነ የኢትዮሳትን ፍሪኩዌንሲ ከሲምቦል ሬት (የስርጭቱ ፍጥነት) 45000 ጋር አስገቡና ቁጥሩ የሚታይበት ገጽ ላይ ተዉት። ከዚያ ዲሹን በጣት ውፍረት ግፉና ቁሙ። ሪሲቨሩ ሲግናሉን ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንቴና እንደሚዞር ቶሎ ቶሎ ካዞራችሁት ትክክለኛውን ቦታ አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። እኛም እንዲሁ ስናደርግ ኳሊቲው ከዜሮ ብድግ አለ፣ አጎቴም "ያዝ! እንዳትነካው!" ብሎ ጮኸ።

እዚያ ላይ ግን አላቆምኩም። ጎጃም ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ኤልኤንቢው ከሞገዱ አቀማመጥ ጋር እንዲገጥም በያዣው ውስጥ ብዙ መዘንበል አለበት፣ ለናይል ሳት ከነበረውም በተቃራኒ በኩል ነው የሚዘነብለው። ያዣውን አላልቼ ቀስ እያልኩ ሳዞረው ኳሊቲው በጣም ጨመረ። ምስሉ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፣ ቀድሞም ጥርት ያለ ነበር። ጥቅሙ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው። በዚህ የሞገድ ክልል ከባድ ዝናብ ሲግናል ይበላል፤ ለጥቂት የቆመ ኳሊቲ በመጀመሪያው ዶፍ ይወድቃል፣ የተረፈው ያለው ግን ይቋቋመዋል። "ታየ፣ በቃ" ብሎ መውረድ ጥሩ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ናይል ሳትም አይቅርብን የምትሉ ከሆነ ሁለቱ ሳተላይቶች 64 ዲግሪ ስለሚራራቁ በአንድ ዲሽ አይሆንም። ሁለተኛ ዲሽ ትከሉ፣ ሁለቱን ገመድ እያፈራረቀ የሚያሳልፍ ትንሽ ስዊች ግዙ፣ ከዚያም የትኛው ሳተላይት በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ በሪሲቨሩ ሜኑ ላይ ምረጡ።