እርከኑን ማን ሠራው?

ደብረ ብርሃን ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ባሕር እርከን፣ ባሕር ዳር ላይ ስለሚታየው ደረጃ መሰል መሬት፣ ሳስረዳ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ማን ነው የሠራው? በሴፍቲኔት ነው?» ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጁ ግን እውነቱን ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እርከን ማለት በዘመቻ የሚቆፈር ነው። ባሕር ያየ ደግሞ አንድም የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

ስለዚህ ባሕሩን በሳፋ ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ አሸዋ ብቻ ስለከመርኩ ወዲያው ተናደ። ማታ ቤት ዋልካ ቀላቅዬ ሞከርኩ (ባለቤቴ ሳፋዋን ስትፈልግ ነበር፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው)። በማግስቱ ያዘ። ጭቃውን በአንድ ጎን ተዳፋት አድርገን ጠፈጠፍንና ውሃ ሞላን። አንዷ ልጅ በድስት ክዳን ውሃውን ገፋ ገፋ ታደርጋለች። ትንሽ ቆይቶ ልክ ውሃው በሚመታው ቦታ ጭቃው ተቦረቦረ። ከላይ ያለው ተንዶ ገደል ሆነ፤ ከሥሩ እንደ ቤት መደብ ያለ ጠፍጣፋ ቀረ። በጆግ ውሃ ቀንሰን ደገምነው። ዝቅ ብሎ ሌላ መደብ ወጣ። ባሕሩ ባይወርድ እንኳ መሬቱ ከፍ ካለ ያው ነው።

«የቱ መደብ ነው ቀድሞ የተሠራው?»

«ላይኛው!»

መደቡና ገደሉ የሚገናኙበት መስመር የጥንቱን ባሕር ከፍታ ይናገራል። ከታርማበር ቁልቁል የሚታየው የአፋር ምድር ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ደናክል ይደርሳል። ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር እዚያ ገብቶ ነበር፤ ዳር ዳሩን የኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ) እርከን ትቶ ሄዷል። ኤርትራ ዳርቻ፣ አብዱር ላይ ደግሞ በዚያው ዘመን ኮራል ውስጥ የሰው የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል።

ጉዱ የመጣው በጉብኝቱ ነው። ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ የጀማ ወንዝን ደረጃ ደረጃ ገደል እያሳየሁ «ይኸው የባሕር እርከን!» አልኩ። አንዷ ከኖራ ድንጋዩ ዛጎል ስታገኝማ ደረቴን ነፋሁ። ማታ ሳነብ ላብ አሰመጠኝ። ዛጎሉ እውነት ነው፤ ድንጋዩ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ውስጥ የተነጠፈ ነው። ደረጃውን ያወጡት ግን ወንዝና ዝናብ ናቸው፤ ለስላሳው ድንጋይ ሲሸረሸር ጠንካራው ቆሞ ይቀራል። የባሕር ወለልና የባሕር ዳር አምታትቻለሁ።

ሰኞ ይቅርታ ጠየቅኩ። ያው ልጅ አልለቀቀኝም፦ «ታዲያ የጀማን ማን ሠራው?» ሳፋውን እንደገና አወጣሁ። አሁን ዋልካውንና አሸዋውን ሳላቀላቅል አንዱን በአንዱ ላይ አነጠፍኩ። ጆጉን ለእሱ ሰጠሁትና ከላይ አፍስስ አልኩት።