ድርያስን በአበባው አትለዩት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ተቀምጬ ስለ አርክቲክ ዕፅዋት ስጽፍ የሚገርማቸው ወዳጆች አሉኝ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ተቀራራቢ ዝርያዎችን መለየት ደግሞ በጣም እወዳለሁ።

ድርያስ በአርክቲክ፣ ማለትም በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚበቅል ተክል ሲሆን ከጽጌረዳ ቤተሰብ ነው። መሬት ለመሬት ይሳባል፤ አበባው አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው። ድርያስ ኦክቶፔታላና ድርያስ ኢንተግሪፎሊያ የተባሉትን ሁለት ዝርያዎች በአበባ ብቻ ለመለየት መሞከር ልፋት ነው። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ 8 የአበባ ቅጠል አላቸው። አረንጓዴውን ቅጠል እዩ! የኦክቶፔታላ ጠርዝ ዙሪያውን ጥርስ ጥርስ አለው። የኢንተግሪፎሊያ ጠርዝ ግን ልሙጥ ነው፤ ጥርስ ቢኖረውም ወደ ግንዱ በኩል ብቻ ነው። የአወዳይ ጫት ነጋዴም የሚለየው በቅጠሉ አይደል? ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ግን ይዳቀላሉ፤ መካከለኛ ቅጠልም ይገኛል።

እኔን ይበልጥ የሚመስጠኝ የአላስካው ኦክቶፔታላ ነው። ነፋስ በሚገርፈው ደረቅ ገመገም ላይ ያለው ቅጠሉ ትንሽ ነው። በረዶው ዘግይቶ በሚቀልጥበት ቦታ ያለው ደግሞ ሰፋ ይላል። ታዲያ ልዩነቱ የቦታው ነው ወይስ የዘሩ? ማክግሮው እና አንቶኖቪክስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአንዱን ቦታ ተክል በሌላው ቦታ አቀያይረው ተከሏቸው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ታተመ። እያንዳንዱ በገዛ ቦታው ተሽሎ ተገኘ። ቦታ ስለተለወጠ ብቻ አንዱ ሌላውን አልሆነም። በጣም ደስ የሚል ሙከራ ነው።

ፎቶ የምታነሱ ካላችሁ አደራ፣ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጀርባውንም አንሱ። እዚያ ያለው ፀጉር ብዙ ይናገራል።