ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

ለብዙ ዓመታት ፊልም የማየው ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባና ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ነበር። አንድ ቀን ወዳጄ «አንቺኮ ፊልም ታዳምጫለሽ እንጂ አታዪም» አለችኝ። ቅር ብሎኝ ዝም አልኩ። ማታ ሳስበው ግን በዋዜማው ካየሁት ፊልም አንድም ምስል ትዝ ሊለኝ አልቻለም። በማግስቱ በምስል ውበታቸው የሚወደሱ ፊልሞችን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ ማየት ጀመርኩ።

አጀማመሬ አላማረም። መጀመሪያ የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የስታንሊ ኩብሪክን «ባሪ ሊንደን» ነበር። በሻማ ብርሃን የተቀረጹት ትዕይንቶቹ ብዙ ተወርቶላቸዋል፤ እኔ ያየሁት ግን ቡናማ ጭቃ ውስጥ የሚዋኙ ፊቶችን ነው። ሦስት ሰዓት ከሚፈጀው ፊልም አንዱን ሰዓት እንኳ ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ፊልሙን ሰደብኩት እንጂ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቅጂው ከመጠን በላይ የተጨመቀ ስለነበር ጨለማው ሁሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ተለውጧል። የክፍሌ መብራት ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ በሰከንድ 24 ምስል ብቻ ባለው ፊልም መካከል የራሱን ምስሎች እየፈጠረ ይሰገስጋል። ይህ እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ቅንብር ለእግር ኳስ ይጠቅም ይሆናል፤ ፊልምን ግን ርካሽ ድራማ ያስመስለዋል። እሱንም መብራቱንም አጠፋሁ፤ የተሻለ ቅጂ ፈልጌ እንደገና ተቀመጥኩ።

በዚህ ጊዜ ሻማዎቹ በሩ። ኩብሪክና የካሜራ ባለሙያው ጆን አልኮት ለእነዚያ ትዕይንቶች የተጠቀሙበት ዛይስ የተባለው ኩባንያ ሌንስ በመጀመሪያ ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ የተሠራ ነበር። የብርሃን መግቢያው ልክ 0.7 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን ይበዛልና ለፊልም ሥራ እንዲህ ያለ ሌንስ ብርቅ ነው። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት እጅግ ጠባብ ስለሚሆን ተዋናዩ ትንሽ ወደ ፊት ቢያዘነብል ፊቱ ይደበዝዛል። በመጀመሪያው ምሽት ተዋናዮቹ ድርቅ ብለው መቀመጣቸውን የትወና ድክመት ነው ብዬ ነበር። ለካ ሰዎቹ የተቀመጡት ሌንሱ በፈቀደላቸው ስፍራ ነው! ለወጉና ለማዕረጉ እስረኛ ለሆነው የዚያ ፊልም ማኅበረሰብ ደግሞ ከዚህ የሚስማማ አቀማመጥ የለም።

ከዚያ ወዲህ በየፊልሙ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እየጠየቅኩ ማየት ያዝኩ። የቴረንስ ማሊክ «ዴይስ ኦፍ ሄቨን» (1978) ላይ መልሱን ለማግኘት ተቸገርኩ፤ በስንዴው ማሳ ላይ የቆሙት ሰዎች ጥላ የላቸውም። የካሜራ ባለሙያው ኔስቶር አልሜንድሮስ ብዙዎቹን ትዕይንቶች የቀረጸው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ገና ሳይጨልም ባለው 20 ወይም 25 ደቂቃ ውስጥ ነበር። ብርሃኑ የሚመጣው ከሰማዩ ሁሉ ነው። ቀኑን ሙሉ ተዘጋጅቶ ለሃያ ደቂቃ መሯሯጥ ለእኔ ዓይነቱ ችኩል ሰው የሚሞከር አይደለም።

«ብላክ ናርሲሰስ» (1947) ደግሞ አሞኘኝ። የሂማላያ ገደል ጫፍ ላይ ደወል የምትደውለውን መነኩሲት ሳይ እግሬ ራደ፤ ፊልሙ ግን የተሠራው እንግሊዝ አገር ነው፤ ገደሉም በቀለም የተሳለ ነው። ውብ ፊልም ውብ ቦታ ይፈልጋል የሚለውን እምነቴን የተውኩት ያን ጊዜ ነው።

ሌላው ዘዴዬ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ድምፅ ዘግቶ ማየት ነበር። በዎንግ ካር ዋይ «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» (2000) ላይ ግማሽ ግማሽ ሠራልኝ። ንግግሩ ሲጠፋ የሴትዮዋ ቀሚስ መለዋወጡን አስተዋልኩ፤ ቦታው ያው ነው፣ የቀኑን ማለፍ የሚነግረን ቀሚሱ ነው። ነገር ግን ቀስ ብላ ስትራመድ የሚሰማው ቫልስ የተባለው የዳንስ ዜማ ከሌለ እርምጃው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ይህን ዘዴ አሁን የምጠቀመው ለሁለተኛ እይታ ብቻ ነው።

ትልቁ ስህተቴ ግን ፎቶ መሰብሰቤ ነበር። ደስ ያለኝን ምስል ሁሉ ፊልሙን እያቆምኩ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጥ ነበር። ከፓቬል ፓቭሊኮቭስኪ «ኢዳ» (2013) ብዙ አገኘሁ፦ ጥቁርና ነጭ፣ ሰዎቹ ከምስሉ ግርጌ፣ በላያቸው ሰፊ ባዶ ቦታ፣ ካሜራውም ፊልሙን ሙሉ ማለት ይቻላል የማይነቃነቅ። በመጨረሻው ትዕይንት ኢዳ መንገድ ስትጀምር ካሜራው በእጅ ተይዞ አብሯት ይሄዳል። ልቤ ዘለለ። እንደ ልማዴ አቁሜ ያዝኩት።

በማግስቱ ከፍቼ ሳየው ምስሉ ተራ ነበር፦ አንዲት ልጅ፣ አንድ መንገድ፣ ትንሽም የደበዘዘ። ሌሎቹን ፎቶዎች አጠፋሁና ያንን ብቻ አስቀረሁት።