ቢጫ ቀለም ቀድሞ ያልቃል፦ እንቁጣጣሽን ከብሎካችን ልጆች ጋር በእጃችን ስንሠራ

የ2017 መስከረም 1 ጠዋት በራችን አምስት ጊዜ ተንኳኳ። አምስቱም ጊዜ ስከፍት ሥዕል የያዘ ልጅ ቆሟል። ሥዕሉ ግን አንድ ነው። ፎቶ ኮፒ ነው፤ በመልአኩ ግራ ክንፍ ላይ ማሽኑ የጣለው ጥቁር መስመር እንኳ አንድ ነው። ለአምስቱም ሰጠሁ። በዓል ነው፣ ልጅ ነው፣ ምን ይባላል? አምስተኛው ደረጃውን ሲወርድ ግን ትልቋ ልጄ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና «አባዬ፣ እኔም ይሄንን ኮፒ አስደርጌ ልዙር?» አለችኝ።

ሆዴን ባር ባር አለው።

እኔ ልጅ ሆኜ ጳጉሜ ሲገባ የደብተሬ መሃል ገጾች ያልቁ ነበር። ከመሃል የሚገነጠለው ወረቀት ድርብ ስለሆነ ለሥዕል ይመቻል። ጎበዝ ሠዓሊ ነበርኩ ማለቴ አይደለም። የኔ መልአክ ክንፏን የዘረጋች ዶሮ ነበር የሚመስለው። አንዷ ጎረቤታችን ግን ዶሮዬን ግድግዳዋ ላይ ለጥፋ እስከ ፋሲካ አቆይታታለች። በገባሁ ቁጥር አያታለሁ። ያንን ስሜት ኮፒ ማሽን አይሰጥም።

ስለዚህ ለ2018 ቆርጬ ተነሳሁ። በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሥዕል መሳል የሚፈልግ ልጅ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ኮሙናል ይላክ። ወረቀትና ቀለም አለ» ብዬ ጻፍኩ። ኮሙናል የምንለው የኮንዶሚኒየማችንን የጋራ ቤት ነው። ስድስት ሰባት ልጅ ይመጣል ብዬ ነበር። 17 መጣ። አንዱማ ገና መራመድ የጀመረ ነው፤ እህቱ አዝላው ነው የመጣችው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ቀኑ ነው። ቅዳሜ ያልኩት ጳጉሜ 1 ነበር። አምስት ቀን ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር። የረሳሁት ዝናቡን ነው። መስከረም ሲጠባ «ፀደይ ገባ» ማለት ለምደናል እንጂ በአቆጣጠራችን ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው። ከ26 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው ነው። ፀደይ የሚባለውማ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ይህን ያረመችኝ ትልቋ ናት፣ ከትምህርት ቤት ይዛው መጥታ። ቀለሙም ከኔ ይልቅ ከሷ ጋር ተስማማ። ጳጉሜ ላይ ምንም ነገር አይደርቅም።

የገዛሁት ተራ የኮፒ ወረቀት ነበር። ልጆቹ ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ነክረው፣ ደግመው ነክረው ሲቀቡት ወረቀቱ አብጦ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ሠራ። አንዳንዱ መሃሉ ተቀደደ። በማግስቱ ወፍራም ካርቶን ወረቀት ገዛሁ፤ ለእያንዳንዱም ልጅ ብሩሹን የሚጠርግበት ጨርቅ ሰጠሁ። የተጠናቀቁትን ደረጃው ሥር ገመድ ዘርግተን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። የተሸበሸቡትን ደግሞ ከደረቁ በኋላ ገልብጠን፣ ላያቸው ላይ ጨርቅ አንጥፈን፣ ለብ ባለ ካውያ ተኮስናቸው። ይሠራል። ግን ውሃ የቋጠረ ወረቀት እንዳትተኩሱ፤ ሁለት ሥዕል ከካውያው ጋር ተጣብቆ ቀርቶብናል።

ሁለተኛው ነገር ቢጫ ቀለም ነው። ሦስት ፓኬት የውሃ ቀለም ነበረኝ፤ ሰማያዊውም አረንጓዴውም ቡናማውም ተደርድሯል። 17 ልጅ ግን የሚስለው አደይ አበባና ፀሐይ ነው። ሰዓት ሳይሞላ ቢጫው ከሦስቱም ፓኬት ተጠርጎ አለቀ። ቡናማውን የነካው የለም። ልጆቹ ብሩሽ ይዘው ያዩኛል። እኔ ደግሞ ባለቤቴን አየኋት።

«እርድ አለ አይደል እንዴ?» አለች።

ሁለት የሻይ ማንኪያ እርድ በአንድ ሲኒ ሙቅ ውሃ በጠበጠች። ዝቃጩ ወደ ታች ሲወርድ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ሲኒ ገለበጠችና ወረቀቱን እንዲይዝ ጠብታ ኮላ ጨመረችበት። የወጣው ቀለም ከፓኬቱ ቢጫ ይበልጣል። እውነተኛ አደይ ነው የሚመስለው። ኮሙናሉ በሙሉ ወጥ ወጥ ሸተተ እንጂ።

ትንሹ ልጄ እጁ እስከ አንጓው ቢጫ ሆኖ ሊታጠብ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ጩኸት ሰማን። «አባዬ! ደማሁ!» ሮጬ ስደርስ እጁ በልብስ ሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ቀይ ሆኗል። እኔም ደነገጥኩ፤ መቼም አልዋሽም። ነገሩ ግን ቀላል ነው። እርድ ውስጥ ያለው ማቅለሚያ እንደ ሳሙና ያለ አልካላይን ሲነካው ይቀላል። ሎሚ ሲነካው ደግሞ ወደ ቢጫው ይመለሳል። በሎሚ አሸሁለት፣ ተመለሰ። አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! 17ቱም ልጅ እጁን በእርድ እየነከረ ለመታጠብ ተሰለፈ። አንዷ ብልጥ ጭራሽ ብሩሹን በሳሙና ውሃ ነክራ፣ በእርድ በተቀባው ወረቀት ላይ ቀይ መስመር መሳል ጀመረች። የዚያን ቀን ከሰዓት ያቀድኩት ሌላ ሥራ ሁሉ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ የተሳሉት አደዮች መሃላቸው ቀይ ነው። አደይ መሃሏ ቀይ አይደለም፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም።

እርድ ሁለት ጣጣ አለው። ልብስ ከነካ አይለቅም። የትልቋ ነጭ ቀሚስ ጫፉን ነካውና ባለቤቴ በሳሙና ስታጥበው ቀይ ሆነ፤ በሎሚ ቢጫ ሆነ፤ ነጭ ግን አልሆነም። ያደበዘዘው ፀሐይ ላይ መሰንበቱ ነው። ሁለተኛው ጣጣም ያው ፀሐይ ነው። መስኮት አጠገብ የተለጠፉት ሥዕሎች ወር ሳይሞላቸው ነጡ። ሥዕሉ እንዲቆይ የምትፈልጉ ከብርሃን ራቅ አድርጉት።

ለታላላቆቹ ልጆች ሌላ ሥራ አሰብኩ፤ የ2018ን የግድግዳ ካላንደር በእጅ መሥራት። 13 ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ ወር አንድ። «መስከረም 1 ምን ቀን ነው የሚውለው?» ሲሉኝ ስልኬን ላወጣ ነበር። ከዚያ የባሕረ ሐሳቡን ስሌት አስታወስኩና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። 2018 ላይ 5500 ደምሩ፣ 7518። ለ4 አካፍሉ፣ ቀሪውን ተዉት፣ 1879። ሁለቱን ደምሩ፣ 9397። አሁን ለ7 አካፍሉና ቀሪውን ያዙ። ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ዜሮ ከሆነ ሰኞ ነው። 3 መጣ። ሐሙስ! ስልኬን ቀምተው አረጋገጡ። ትልቋ ወዲያው የ2017ን ሠራች፤ ረቡዕ መጣላት፤ ትክክል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላስተማርኳቸውም። ወሩ 30 ቀን ስለሆነ የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ሁልጊዜ በሁለት ቀን እንደሚገፋ ራሳቸው አወቁት። መስከረም 1 ሐሙስ፣ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ። መስቀልም ከእንቁጣጣሽ በሁለት ቀን ገፋ ብሎ ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ቅዳሜ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ስለ ዘፈኑ። አምስት ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ ሊሉ ተሰባሰቡ። ዜማውን ሁሉም ያውቁታል፤ ከቴሌቪዥን። ግን አምስቱም አብረው ያወጣሉ፣ አምስቱም አብረው «ለምለም» ይላሉ። እኔ ብልህ ነኝ ብዬ ከስልኬ ወደ ስፒከር ለቀቅኩላቸው። ይባስ ብለው ዝም ብለው ማዳመጥ ጀመሩ። ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ድምፁን ሰምተው ወጡ። ስፒከሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ማጥፊያው የት ነው?»

አጠፋሁት።

«እናንተ ልጆች፣ ሁላችሁም አውራጅ ከሆናችሁ ተቀባዩ ማነው?» አሏቸውና አጨብጭበው ጀመሩላቸው። በጭብጨባው መሃል የት ላይ መግባት እንዳለባቸው በአገጫቸው ያሳዩአቸዋል። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ ደግሞ አበባ አያያዝ አሳዩአቸው፤ አደዩን ከቄጠማ ጋር እንዴት እንደሚያስሩት። ልጆቹ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ካለው ባዶ ቦታ አደዩን ከነሥሩ ነቅለው ነበር ያመጡት። እማማ ተቆጡ። «ለከርሞ ዘሩን ከየት ልታመጡ ነው?» በማግስቱ በመቀስ ቆርጠው አመጡ፤ በባልዲ ውሃ አሳደርነው።

በዋዜማው፣ ረቡዕ ማታ፣ ችቦ አበራን። ይህን ክፍል ማሳጠር እፈልግ ነበር፣ ስለማፍርበት። ቀጫጭን ደረቅ እንጨት ሰብስበን ትንንሽ ችቦ አሠርኩላቸው። ያሰርኩት ቤት ባገኘሁት የናይለን ሲባጎ ነው። ሲለኮስ ያምራል። ትንሽ ቆይቶ ሲባጎው እየቀለጠ መንጠባጠብ ጀመረ፤ አንዱ ችቦ ተፈታና የሚነደው እንጨት የትንሹ ልጄ ጫማ አጠገብ ተበተነ። ልጆቹን ከመኪናዎቹ ራቅ አድርጌ፣ ባልዲ ውሃ አጠገቤ አስቀምጬ ነበር፤ ያ ጠቀመ። ማንም አልተነካም። የግቢው ጥበቃ ጠጋ ብሎ የቀረውን አየና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ላስቲክ ነው፤ ይቀልጣል» አለኝ፤ በጣም በትሕትና። ከጎጆው ቀጭን ሽቦ አምጥቶ የቀሩትን ደግሞ አሰራቸው። ለትንንሾቹ ችቦውን አዋቂ ያዘላቸው። መጀመሪያም እንዲህ ነበር መሆን የነበረበት።

ጠዋት ዞሩ። የጠበቅኩትን ያህል ጣፋጭ አልነበረም፤ ልክ እንደ ፊልም አይሆንም። አንድ ጎረቤት የእጅ ሥዕሉን ተቀብለው «የታተመው የለም? ያምናው ያምር ነበር» አሏቸው። ልጁ ፊቱ ወደቀ። ሌላ ቤት ደግሞ ሥዕሉን ያዩት ሰውዬ ልጁን አስቀምጠው «ይሄ ምንድነው? ይሄስ?» እያሉ ሲጠይቁት ቆይተው ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሸኙት። ከብሩ ይልቅ ስለ ጥያቄው ነው ሲያወራ የዋለው። የዘፈኑ ገንዘብ ላይ ፀብ ተነሳ። ትንሹ ልጄ ቦርሳ ስለያዘ ድርሻ ይገባኛል አለ። ልዳኝ ስነሳ ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ደረጃው ላይ ተጨቃጭቀው፣ ለቦርሳ ያዡ የአንድ ሰው ግማሽ ሰጥተው ጨረሱት። እኔ ብሆን እኩል አካፍል ነበር፤ የነሱ ፍርድ ይሻላል።

ለ2019 ቡሄ ካለፈ ማግስት እንጀምራለን። ልጆቹ ነሐሴ 13 ላይ ሆያ ሆዬ ብለው ስለሚሞቁ ያኔ መያዝ ነው። ወረቀቱ ወፍራም ይሆናል፣ ቢጫ ለብቻው ይገዛል፣ ስፒከሩ ቤት ይቀራል። ዘፈኑ የእማማ ነው፤ ከወዲሁ ነግሬያቸዋለሁ፤ «እስከዚያ ካቆየኝ» ብለውኛል። ትልቋ መስከረም 1 የሚውልበትን ቀን ከወዲሁ አስልታዋለች፤ ዓርብ ነው።

ካላንደሩ አሁንም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው። የጳጉሜው ወረቀት ላይ አምስት ሳጥን ነው ያለው፤ ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። ትንሹ ልጄ ደግሞ የተወለደው ጳጉሜ 6 ቀን 2011 ነው። «ልደቴ የታለ?» ብሎ አኮረፈ። የሚቀጥለው በ2019 መጨረሻ እንደሆነ በጣት አስቆጠርነው፤ አልተቀበለም። ማንም ሳያየው ከመስመሩ ውጭ፣ ወረቀቱ ጫፍ ላይ፣ ስድስተኛ ሳጥን ሠርቶ በእርድ ቀባት። እርዱ አሁን ነጥቶ የማይታይ ሆኗል። ትናንት ማታ ሳጥኗን በእስክሪብቶ ዙሪያዋን ሲያደምቃት አገኘሁት።